በገርጂ የተቀዳ እልልታ

ያን ጊዜ መሃል ከተማ ባለ ቲያትር ቤት አንድ ሙዚቃዊ ድራማ ይታይ ነበር። ትኬት ስለማይገኝ ሰው ዘፈኖቹን ፈለገ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሥር ስቱዲዮ የከፈተ አንድ ወጣት ደግሞ እነዚያኑ ዘፈኖች በሌሎች ልጆች ድምፅ እያስመሰለ በሲዲ ያወጣል። ሽፋኑ ላይ የመድረኩ ፎቶ አለ፤ የዘፋኝ ስም ግን የለም። ልጄ የድራማዋን ሙሽራ ዘፈን እንድትዘፍን ተመረጠች።

ባለቤቴ ከሞተ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ልጄ ከቀብሩ በኋላ ካልጠየቋት አትናገርም፤ ልብስ ስታጥብ ግን ስትዘፍን እሰማታለሁ። ስለዚህ ሥራው ደስ ባይለኝም እንቢ አላልኩም። ብቻዋንም አልላክኋት። ከል እንደለበስኩ አብሬያት ሄጄ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶንና ብርድ ልብስ ተለጥፏል። እሳት ቢነሳ በየት እንወጣለን እያልኩ በሩን ደጋግሜ አያለሁ።

ውጭ ፎቅ ይሠራል። የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲጮህ ቀረጻው ይቆማል፤ ሲያርፍ ይቀጥላል። መብራትም በፈረቃ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ወጣቱ ልጄን፣ "አከፋፋዩ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ካላለቀ ነገ ሌላ ልጅ አስገባለሁ" ብሏታል።

የቀረው የሠርጉ ዘፈን ነበር። መድረኩ ላይ ሲዘፈን ተመልካቹ ሁሉ እልል ይላል አሉ። ያለ እልልታ ማንም የአዳራሹ ቅጂ ነው ብሎ አይገዛውም። እልል እንድትል የተቀጠረችው ሴት ግን ቀረች። ወጣቱ ደወለላትና ስልኩን ዘጋ።

"እውነተኛ ሠርግ አግኝታ ሄዳለች" አለ። "እዚያ ምሳ አለ።"

"አንተው እልል በላ እንግዲህ" አለው ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው።

ሞከረ። የታነቀ ዶሮ መሰለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ እርስዎ አይሉልንም?"

"ዓይን የለህም እንዴ? ሐዘን ላይ እኮ ናት!" አለች ልጄ።

ጮክ ብላ ስትናገር ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ወዲያው ግን ሰዓቷን አየች። ልትለምነኝ አልፈለገችም፤ የዘፈኑን ወረቀት ታጣጥፋለች።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እልል አለች ብለው የእድር ሰዎች ቢያወሩስ? የባለቤቴን ፊት ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። የመጣልኝ መብራቱ ሊጠፋ መሆኑ ነበር።

"ስሜ አይጻፍም አይደል?" አልኩት።

"የማንም አይጻፍም፣ እናቴ።"

ከመስታወቱ ማዶ ወዳለችው የመቅረጫ ክፍል ገባሁ። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አውርጄ እልል አልኩ። ድምፄ ወጣ። አላዘንኩም፣ አላፈርኩም። ይድገሙት አለኝ፤ ደገምኩት።

ወጣቱ ድምፄን ደራርቦ አጫወተልን። "ይኸው፣ አዳራሽ ሙሉ ሴት አደረግኩዎት!" አለ እየሳቀ።

ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ሆነው ለአንዲት ሙሽራ እልል ይላሉ። ቆሜ አዳመጥኳቸው። በመካከላቸው የማውቃት አንዲትም አልነበረችም።

ልጄ እጄን ያዘች። "እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ግቢና ዝፈኚ፣ መብራቱ ሳይሄድ።"

ገባች። በመስታወቱ ማዶ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ አየኋት። እልልታው ተጀመረ፤ እሷም ዘፈነች።