በሩዝ ጆንያ ላይ የተደነገገ ሕግ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወጥቼ እዚህ ጀርመን የባቡር ጣቢያውን ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴልን፣ ሳቋርጥ፣ ከአንድ ምድር ቤት መስኮት በዘይት የሚጠበስ ዝንጅብል ሸተተኝና ቆምኩ። ጋሽ ታደሰ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ እዚያ ሰፈር የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ታጥብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ጋሽ ታደሰ ጓዳው ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ወጥ ቤቱ ቼን፣ የባለ ምግብ ቤቱ ልጅ ሜይ፣ እና ሌላ መዋያ ያጣሁት እኔ። ወንበራችን የሩዝ ጆንያ፣ ሰሌዳቸው የተገለበጠ ጥቁር የምድጃ ትሪ። እሳቸው ግን ክራባት አስረው፣ ጠመኔያቸውን በመነጽር ማኅደር ይዘው ነው የሚመጡት። አገር ቤት ሕግ አርቃቂ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ተሰደዱ።

አንድ ቀን «ኢናክት» የሚል ቃል ጻፉ። ሕግ መደንገግ ማለት ነው። ቼን ቃሉን ወደደው።

«ዛሬ ሾርባው ቃሪያ እንዳይበዛበት ደንግጌአለሁ» አለ።

«ብቻህን?» አሉት ጋሽ ታደሰ። «ይሄ ቃል ለአንድ ሰው አይሆንም። ብቻውን የሚደነግግ ሰው አይቼ ነው አገሬን የለቀቅሁት።»

«እኛ ቤት ሚስቴ ብቻዋን ነው የምትደነግገው።»

«እንግዲያው አንተም ተሰደድ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ሳይቀርብ፣ ሳንከራከርበት፣ እጅ ሳይወጣ ቃሉን መጥራት ቀረ። ጓዳ ውስጥ ሲጋራ የከለከልነው እንዲህ ነው፤ ቼን እየተነጫነጨ እጁን አወጣ።

ከዚያ ምግብ ቤቱ ተሸጠ፤ ሊዘጋም ሆነ። ጋሽ ታደሰ ከዚያች ቅዳሜ ሌላ የሚጠብቁት ቀን አልነበራቸውም፤ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ በጀርመንኛ አጠር አድርገው ነው የሚመልሱላቸው። በመጨረሻው ትምህርት ሜይ ተነስታ፣ «ቤቱ ቢዘጋም ትምህርቱ ይቀጥል፤ በሩ ላይ እንገናኝ» ብላ ሐሳብ አቀረበች። የሁላችንም እጅ ወጣ። እሳቸው ትሪው ላይ «ተደነገገ» ብለው ጻፉና ጠመኔያቸውን ወደ መነጽር ማኅደሩ መለሱ።

በሳምንቱ ቅዳሜ እናቴ ከወንዙ ማዶ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ሌላ ኩሽና ጀምራ እኔንም ይዛኝ ልትሄድ ተነሳች።

«ማማ፣ ደንግገናል እኮ» አልኳት።

«እነማን? ጫማሽን አድርጊ።» አድርጌ ተከተልኳት፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

ሜይ ከወላጆቿ ጋር ሌላ ከተማ ሄዳለች። ቼንን ሌላ ምግብ ቤት የቀጠረው አዲሱ አለቃው ቅዳሜ አልለቀቀውም። ጋሽ ታደሰ ግን በየቅዳሜው ክራባታቸውን አስረው የተዘጋው በር ላይ በብርድ ይቆሙ ነበር። ይህንን አጠገቡ ያለው ፀጉር አስተካካይ ለእናቴ የነገራት ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ እሳቸውም መምጣት ከተዉ በኋላ ነው። ሁለተኛ ሳላገኛቸው ሞቱ።

አሁን ከተማ መሀል ልብስ እሸጣለሁ። አለቃዬ ብቻዋን ወስና «ደንብ ነው» ስትል፣ «ማን ተስማማበት?» ሳልል አላልፍም። በዚህ ጠባዬ ሥራ ቀይሬአለሁ፤ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ «ጋሽ ታደሰ፣ ብርድ ነው፣ ቤትዎ ይግቡ» የሚላቸው አንድ ሰው ከመሀላችን መጥፋቱ።