ኢክራም አራተኛ ክፍልን የተማረችበት ቤት

ሌሊት፣ ሰው ሳያየኝ ወጣሁ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ፤ ስደተኛ ሁሉ የሚያወራው እንደዚያ ነው። እኔ ግን የወጣሁት በቀን፣ ከዐስር ሶላት በፊት፣ እናቴ ደጅ ላይ ልብስ እያጠበች ሳለ ነው። ደሴ አክስቴ ዘንድ ሁለት ቀን ልደር ብያት ነበር። ቀና ሳትል «ቶሎ ነይ እሺ፣ ዘይነብ» አለችኝ፤ «ኢንሻአላህ» አልኳት። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እናቴን ከዚያ ወዲህ በስልክ ሰማኋት እንጂ በዓይኔ አላየኋትም።

መንገዱን ብዙ አላወራላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትም ባያውቀው ይሻለዋል። መተማ ላይ ሦስት ሴቶች ሆነን በእግር ተሻገርን፤ ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ሰሊጥ በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ካርቱም ሱቅ ዐረቢ ስንወርድ ከሕዝቡ ይልቅ የገረመኝ ነፋሱ ነው። በኛ አገር ነፋስ ሲመጣ ሰው ነጠላውን ይደርባል፤ የዚህኛው ግን ከዳቦ መጋገሪያ አፍ የወጣ ይመስላል። ምግባቸው ኪስራ ይባላል፤ ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ አፍ ሲገባ ወረቀት ነው፣ አሁን ግን ለምጄው ሲጠፋ እፈልገዋለሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ሰላምታ ሲጀምሩ ማለቂያ የለውም፤ እምቢ ሲሉህ እንኳ ስለ ጤናህ ሦስቴ ጠይቀው ነው።

ሥራ በሁለተኛው ሳምንት አገኘሁ። የወሎ ሴት ካርቱም ስትደርስ ሥራው ያው ነው፤ የሰው ቤት መጥረግ፣ የሰው ልጅ ማጠብ። ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ዑስማን የሚባል የመብራት ሠራተኛ አገባኝ። ኒካሁን ሼኽ አሰረልን፤ መንግሥት ቤት ሄደን እንመዝገብ ስለው ግን «ቡክራ» ይለኛል፣ ነገ ማለቱ ነው። ልጃችን ኢክራም ሦስት ዓመት ሲሞላት ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሞቶ ይሁን ሌላ አግብቶ ዛሬም አላውቅም።

ኢክራም ሰባት ዓመት ሲሆናት ከምንኖርበት ከጀሪፍ ሰፈር አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሯ ሻይ አስቀረበችልኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ አገሬ ዝናብ ሁሉ ጠየቀችኝና ስታበቃ፣

«የአባቷ ረቀም ወጠኒ?» አለችኝ። የዜግነት ቁጥሩን ነው።

«አባቷ ጠፍቷል።»

«መጥፋቱን የሚገልጽ ወረቀትስ?»

«ከየት አመጣለሁ?»

«ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ነው የሚያመለክተው።»

«የጠፋው?»

«ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፣ ማዓሌሽ፣ ይቅርታ» አለችኝ ከልቧ አዝና። «ካልሆነ እንደ ሐበሻ ትመዝገብ። ኢቃማ አምጪላት።»

ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ልጠይቅ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ ልጅቷን አየት አደረገና «አባቷ ሱዳናዊ ነው?» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ ሱዳናዊት ናት። ለሱዳናዊ ኢቃማ አንሰጥም።»

«እንግዲያው ሱዳናዊት ናት የሚል ወረቀት ስጡኝ።»

«እሱን የሚጠይቀው አባቷ ነው» አለና «ያላ» ብሎ ከኋላዬ የቆመውን ሰው ጠራ።

የሐበሻ ትምህርት ቤትም አለ፤ እሱ ግን ከሰፈራችን ሩቅ ነው፣ ክፍያውም ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። እንግዲህ እኔው አስተምራታለሁ አልኩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያም ግማሹን ረስቼዋለሁ።

ያን ጊዜ የምሠራው ጀብራ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ የምመለሰው ለመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ልጅ ይዞ መምጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ኢክራምን በተከራየሁት ክፍል ውስጥ አስቀምጬ በሩን ከውጭ እቆልፍባት ነበር። ትፈርዱብኝ ይሆናል፤ ፍረዱ። ሁለተኛውን ቁልፍ የግቢው ባለቤት ሐጃ ነፊሳ ይዛዋለች፤ ቀን ቀን ታይልኛለች።

የክፍላችን በር ብረት ነው። የውስጥ ገጹ ሰሌዳችን ሆነ። ጠዋት ሳልወጣ ሦስት ነገር በጠመኔ እጽፍላታለሁ፤ አንድ የአማርኛ፣ አንድ የሒሳብ፣ አንድ በእጇ የምትሠራው። ባቄላውን በአሥር አሥር ክፈይ። ግማሽ ዳቦ ለአራት ሲካፈል ስንት ይደርሳል፣ ቆርሰሽ አሳዪኝ። በመስኮት የገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ፣ አዛን በሰማሽ ቁጥር በከሰል ምልክት አድርጊ። በዚህ ምልክት በወሩ ሰዓት ማወቅ ቻለች፤ ስልክ የላት፣ ሰዓት የላት፣ ግድግዳውን አይታ «ዩማ አሁን ሱቅ ዐረቢ ደርሳለች» ትል ነበር አሉ። እኔን እናቷን ዩማ ነው የምትለኝ፣ እንደ አገሩ ልጆች።

አንድ ቀን ስመጣ ሐጃ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ልጅሽ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ታወራለች። ጂን እንዳይሆን።»

«እየቆጠረች ነው፣ ሐጃ።»

«ምኑን?»

«ባቄላ።»

«ከተቆጠረ በኋላስ?»

«ቀቅለን እንበላዋለን።»

ትንሽ አሰበችና «ለኔም ቢቆጠርልኝ አይከፋኝም» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ሽንኩርቷንም ቲማቲሟንም በመስኮት እያቀበለች ታስቆጥራት ጀመር።

ያለኝ እውቀት የቤት ሥራ እውቀት ነው፤ ስለዚህ ሳይንሱንም ከዚያው አመጣሁት። ሳሙና ቅባትን እንዴት እንደሚፈታ በሁለት ብርጭቆ አሳየኋት። ሊጥ ሙቅ ቦታና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣ የትኛው ቀድሞ እንደሚነሳ ጻፈች። ክሎሪን ለአንድ ባልዲ ስንት ክዳን፣ ለሦስት ባልዲ ስንት። የካውያ ሙቀት ለሐር ይኼን ያህል፣ ለጥጥ ይኼን ያህል። ዓርብ፣ ዕረፍቴ ሲሆን፣ ወንዙ ዳር እንወርዳለን። እዚያ ከአባይ ጭቃ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ጡቡን ፀሐይ ላይ በረድፍ ሲዘረጉት ማባዛትን በዚያ አስተማርኳት፤ ይኼ ረድፍ ሃያ ነው፣ ረድፉ ዘጠኝ ነው፣ ስንት ሆነ? ጎርፉ በመጣበት ወር ውኃውን በጠርሙስ ቀድተን አስቀመጥነው፤ ጭቃው ወርዶ ሁለት ጣት ሆነ። ይኼ የኛ አገር አፈር ነው አልኳት። ጠርሙሱን ዓይኗ ድረስ አንስታ አየችውና «አሁንማ የኔ ነው» አለች።

አሥር ዓመት ሲሞላት ግን እኔ የማውቀው አለቀ። ጥያቄዋ ቀደመኝ። አሠሪዬ ማዳም፣ የኢክራም እኩያ የሆነች፣ አራተኛ ክፍል የምትማር፣ ሊና የምትባል ልጅ አለቻት። የሊናን ክፍል ሳጸዳ መጽሐፎቿን በስልኬ ገጽ በገጽ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ማታ ኢክራም ከስልኩ ትገለብጣለች፤ ዐረብኛውን ማንበብ ሐጃ ነፊሳ ቁርኣን ስታስቀራት ተምራ ነበር። የማይገባኝን እሷ ታስረዳኝ ጀመር። እንዲህ ሆነን ግማሹን ዓመት ሄድን። በዚያ ወራት ደስተኛ ነበርኩ ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ቀን ሊና ከትምህርት ቤት ቀድማ መጣችና ስልኬን መጽሐፏ ላይ ደግኜ አገኘችኝ። ማታውን ማዳም ወደ ሳሎን ጠራችኝ፤ ባሏም ተቀምጧል።

«ቤቴን ለማን ነው ፎቶ የምታነሺው?»

«ቤቱን አላነሳሁም፣ ማዳም።»

«ስልኩን አምጪ።»

ሰጠኋት። አንድ በአንድ በጣቷ ገፋች። የእንቁራሪት አጥንት። ክፍልፋይ። የአገሩ ካርታ። ሌላ ክፍልፋይ። ባሏ ሊያይ ጠጋ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ማዳም ስልኩን መለሰችልኝና «ልጅ እንዳለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ልጅ ያላትን አትቀጥሩም ብለው ነገሩኝ።»

«ኻላስ፣ በቃ፤ ከነገ ጀምሮ ይዘሻት ነይ።»

ያን ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሳለቅስ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏት አጽናናችኝ።

በማግሥቱ በሩ ሳይቆለፍ ወጣን። ሊናን የሚያስጠና ኡስታዝ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ኢክራም ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ሳምንት ኡስታዙ ሊናን የጠየቀውን ኢክራም መለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ሊና አኮረፈች። በሦስተኛው ማዳም «ኢክራም ከጥናቱ በፊት አንቺን ትንሽ ታግዝሽ፤ ሊናም መጀመሪያ ብቻዋን ትጀምር» አለች። ትክክል መሰለኝ። ትንሽ ያልነው ቆይቶ ጥናቱ ካለቀ በኋላ የሚያልቅ ሥራ ሆነ።

በረመዳን ለኢፍጣር እንግዳ ተጠራ። የማዳም እህት፣ የሦስት ወር ሕፃን የታቀፈች፣ ኩሽና በር ላይ ቆማ ኢክራምን ስታያት ቆየች። ልጄ ለሃያ ሁለት ሰው የሚሆነውን ሊጥ ሳትሰፍር በዓይኗ ለካች፤ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት በየትኛው ሳሙና እንደሚለቅ ታውቃለች፤ የብርጭቆውን ብዛት ቆጥራ ሁለት እንደሚጎድል ቀድማ ነገረችን።

«ማሻአላህ» አለች እህትየዋ፤ «በዚህ ዕድሜዋ። ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። አፌ በኩራት ነው የመለሰው።

ከዒድ በኋላ ማዳም ሻይ ቀድታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ ይኼን አድርጋ አታውቅም። እህቷ ብቻዋን መሆኗን፣ ሕፃኑ እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ።

«ኢክራም ጥቂት ቀን እዚያ ትሁን። መጽሐፏንም ይዛ ትሂድ። እህቴ የተማረች ናት፣ ታስጠናታለች።»

«ልጅ ናት፣ ማዳም።»

«በር ተቆልፎባት ከምትውል አይሻልም?»

ስለ በሩ የነገርኳት እኔው ነበርኩ፣ ባመንኳት ጊዜ። እምቢ ብል ሥራውም፣ ጠረጴዛውም፣ ኡስታዙም አብረው እንደሚሄዱ አወቅሁ። እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይኼን ጻፊ ቢሉኝ እንደዚሁ ነው የምጽፈው፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቂት ቀን የተባለው ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። በየዓርቡ እየሄድኩ አያታለሁ። ባለፈው ስሄድ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ አስራ በር ከፈተችልኝ። ቁመቷ ጨምሯል። እጇን አየሁት፤ ክሎሪን የሚያሳክከው እጅ የኔ እጅ ነው፣ አውቀዋለሁ። መጽሐፎቿ የታሉ አልኳት። ከምትተኛበት ፍራሽ ሥር፣ ይዛቸው በሄደችበት ፌስታል ውስጥ፣ እንደታሰሩ ናቸው።

«የሕፃኑ እናት አታስጠናሽም?»

«ትደክማለች፣ ዩማ።»

ያዘንኩ መስሏት ልታስደስተኝ ፈለገች። ወደ ኩሽና ወሰደችኝና የወተቱን ቆርቆሮ አሳየችኝ። «እይ፤ ለአንድ ማንኪያ ዱቄት ሠላሳ ሚሊ ውኃ ነው። አሁን ሰባት ማንኪያ ይጠጣል። ሁለት መቶ አሥር። በቀን አምስቴ ነው፤ አንድ ሺህ ሃምሳ። ቆርቆሮው በስንት ቀን እንደሚያልቅ አውጥቼ ነገርኳቸው፣ ልክ ሆነ።» ፊቴን አየችው። «ትክክል አይደለም እንዴ?»

«ትክክል ነው» አልኳት።

አንቺ ውሰጃት ትሉኝ ይሆናል። ወዴት? ሐጃ ነፊሳ ሞታ ልጆቿ ግቢውን ሸጡት፤ አሁን ከአራት ሴቶች ጋር በደባልነት ነው የማድረው። ወደ አገር ትሂድ ብል፣ ድንበሩ ላይ ልጅቷ የማን ናት ሲሉኝ የማሳየው የለኝም። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም በቦታቸው አሉ፤ ጤናዬን ጠይቀው ይመልሱኛል። ሊና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ዩኒፎርሟን የምተኩስላት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወንድሜ ሰይድ ደወለ። የገዛ ልጁ ሁለተኛ ወጥታ ኖሮ ድምፁ በደስታ ይርገበገባል።

«ኢክራምስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

«ስድስተኛ።»

«አልሃምዱሊላህ። እስቲ አገናኚኝ፣ እናታችንም አጠገቤ ናት፣ ድምጿን ትስማ።»

«የለችም።»

«እስካሁን ትምህርት ላይ ናት?»

አውቶቡሱ ሰው ሊጭን ቆመ፤ ረዳቱ የሰፈሮቹን ስም ይጣራል። ሰይድ ያልሰማሁት መስሎት ደገመልኝ።

«ገና አልመጣችም» አልኩት።

«ይሁን ይሁን፣ ትማር። ስትመጣ ደውይልን፤ እናታችን አትተኛም፣ ትጠብቃለች።»

«እሺ» አልኩት፤ «ስትመጣ እደውላለሁ።»