ድንቅነሽ ዝም ያለችባቸው ቀናት

ድንቅነሽ ስትደውል ሰው ይደነግጣል። ኦስሎ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሰባሰብ ሁሉ ስሟን ስልካችን ላይ ስናይ መጀመሪያ የምናስበው አገር ቤት ያሉትን ነው። እሷም ይህን ስላወቀች ዘዴ አበጀች፤ ለሰላምታ ከሆነ አስቀድማ «ሁሉም ደህና ነው፣ ልደውል ነው» የሚል መልእክት ትልካለች። መልእክቱ ሳይቀድም ስልኩ የጠራ እንደሆነ ጓደኛችን ይልቃል «ላንሳው ወይስ ላልቅስ?» እያለ ያስቀን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በራሱ በይልቃል ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት፣ በስተሰሜን በነበረው የስደተኞች ማረፊያ፣ ሞታክ በምንለው ቦታ ሳለን፣ የአባቱን ሞት ብቻውን በስልክ ሰማ። ድንቅነሽ ያገኘችው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ በረዶ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ጣቶቹ ስልኩን እንደያዙ ደርቀው ነበር። «ከእንግዲህ ከመካከላችን ማንም ብቻውን መርዶ አይሰማም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። የሁላችንም ቤተሰብ ቁጥሯን ያዘ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለእሷ ይደወላል፤ የማን ፈረቃ መቼ እንደሆነ፣ መኪና ያለው ማን እንደሆነ፣ ቴርሞስ ማን እንደሚያመጣ የምታውቀው እሷ ናት። ሐዘንተኛው ሥራ ከመውጣቱ በፊት በማለዳ ስምንትም ዘጠኝም ሆነን በሩን እናንኳኳለን። እኔም የእናቴን መርዶ የሰማሁት እንደዚያ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

ድንቅነሽ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት የዓለምወርቅ ነበረች። በሞታኩ አንድ ክፍል ተጋሩ፤ ኋላም ሞርተንሩድ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ቤት ሲደርሳቸው አንዷ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዷ አራተኛ ፎቅ ሆኑ። የአንዷ ቁልፍ በሌላዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

የዓለምወርቅ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። በስደተኛ ወረቀት አገር ቤት መግባት ስለማይፈቀድ እናቷን እማማ ጌጤን ለአሥራ ሰባት ዓመት አላየችም። አምና ዜግነቷ መጣ፣ ፓስፖርቷ ወጣ። ደብረ ታቦር ለመሄድ ዓርብ ለሚነሣ አውሮፕላን ቲኬት ቆረጠች። ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወንድሟ እንዳሻው ለድንቅነሽ ደወለ።

«እማማ ወድቃለች» አላት። «እግሯ አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለየዓለም እንዳትነግሪያት፤ እዚያ ብቻዋን ሆና ትደነግጥብኛለች። ስትመጣ ታያታለች።»

ድንቅነሽ እሺ አለች። ከእሷ የሚጠበቀው ይኸው ነበር፤ ክፉ ወሬ መያዝና ጊዜውን ማወቅ።

ማክሰኞ ዕለት የዓለምወርቅ ማዮርስቱን ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ይዛት ሄደች፤ ለእናቷ ጫማ ልትገዛ። ሁለቱም እየሳቁ አምስት ሱቅ ዞሩ። የዓለምወርቅ ጥቁሩን አንሥታ «ሠላሳ ስምንት ይበቃታል» ስትል ድንቅነሽ «ሰፋ ያለውን ውሰጂ፣ የአሮጊት እግር ያብጣል» አለቻት። ሠላሳ ዘጠኙን ገዙ።

ሐሙስ ድንቅነሽ የምነዳው አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ ላይ መጥታ ጠበቀችኝ። ፊቷ ጠቁሯል።

«ጋሽ አድነው፣ እማማ ጌጤ ታመዋል፤ እንዳሻው እሑድ ደውሎ ነበር፣ ዛሬም ደወለ። የዓለምን እየጠሩ ነው አለኝ። ‹የዓለም ደረሰች?› ይላሉ አሉ። ቲኬቱ እኮ ይለወጣል። ነገ ብትነሣ ቅዳሜ ትደርሳለች። ልንገራት?»

«ወንድሟ ምን አለ?»

«አትንገሪያት ነው የሚለው።»

«እንግዲያው የቤተሰብ ነገር ነው፤ ዝም በይ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይቆዩ ይሆናል።»

ይህን ያልኩት ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። እንዲህ ሲደረግ ነው ያደግሁት። ታማሚ አለ ብሎ መንገደኛ አይረበሽም፤ መርዶ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም። እሷም ምክሬን ሰምታ ሄደች።

እማማ ጌጤ ሰኞ ዐረፉ። ማክሰኞ ተቀበሩ። ረቡዕ ማለዳ ዘጠኝ ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ድንቅነሽ አንኳኳች። የዓለምወርቅ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከፈተች፤ አየችን፣ ቆጠረችን ማለት ይቻላል፣ ከዚያ መሬት ላይ ወደቀች። እንደ ልማዳችን አቅፈን አለቀስን። ችግሩ የመጣው እንባው ረገብ ሲል ነው።

«መቼ?» አለች።

«ሰኞ» አለች ድንቅነሽ።

«ታማ ነበር?»

ዝም ብትል፣ ወይም «ድንገት ነው» ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። አባ ተስፋጽዮን መስቀላቸውን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። መዋሸት አልቻለችም።

«ታመው ነበር፣ የዓለሜ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ባለፈው እሑድ... ያለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው።»

የዓለምወርቅ በጣቷ ቆጠረች። «ማክሰኞ ጫማ ስናማርጥ ታውቂ ነበር። ሰፋ ያለ ውሰጂ ያልሽኝ እግሯ ማበጡን ሰምተሽ ነው!»

«ወንድምሽ ለምኖኝ...»

«ወንድሜ ሩቅ ነው! አንቺ ነሽ አብረሽኝ ባቡር ላይ ስትስቂ የነበርሽው! ዐሥር ቀን ቤቴ እየገባሽ ስትወጪ! እናቴ ስትጠራኝ እኔ ካንቺ ጋር ኬክ እበላ ነበር!»

እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ድንቅነሽ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ዓይኗን መለሰች። 

የዓለምወርቅ ዓርብ በረረች። ደርሳ መቃብር አየች፣ ከወንድሟ ጋርም ተጣልታ ተመለሰች። በተመለሰች በሳምንቱ የድንቅነሽን ቁልፍ በፖስታ አድርጋ የደብዳቤ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ድንቅነሽ ደረጃ ወጥታ አንኳኳች፤ አልተከፈተላትም። በዓርባው ቀን ምግብ ሠርታ በር ላይ አስቀመጠች፤ ማታ ስትመለስ ድስቱ ሳይነካ እዚያው ነበር።

ሌላው ደግሞ የባሰ ነው። ሰው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ አገር ቤት መደወል ጀመረ፤ «ምንም ቢሆን ለራሴ ንገሩኝ።» ይልቃልም እንዲሁ አደረገ። አንድ እሑድ ሊቀልድባት ብሎ «አሁንማ ስትደውዪ አልፈራም፣ ድንቄ» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረም። አሁን ስልኳ የሚጠራው ከሥራ ሲፈልጓት ብቻ ነው።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አባ ተስፋጽዮን ሁለቱን ጠሯቸው፤ እኔንም ለሽምግልና። በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ጓዳ ተቀመጥን።

«ይቅር ብያታለሁ፣ አባቴ። ስለ እግዚአብሔር ብዬ። ቤቴ ግን አትምጣ» አለች የዓለምወርቅ።

«ይኼማ ይቅርታ አይደለም፣ ልጄ።»

«ያለኝ ይኸው ነው።»

ድንቅነሽ እግሯ ላይ ወደቀች። የዓለምወርቅ አነሣቻት፤ ግን ሳታቅፋት።

ስንመለስ ሦስታችንም በአንድ ባቡር ነበርን። የዓለምወርቅ ፊተኛው ፉርጎ ገባች። እኔ ከድንቅነሽ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ።

«ለምንድን ነው እኔ እንደማውቅ ያልነገርሻት?» አልኳት።

«ምን ይጠቅማል?» አለች በመስኮቱ እያየች። «አንተን አሁንም ጋሼ ትልሃለች፤ ዕቃ ሲከብዳት ትጠራሃለች። አንተንም ካጣች ማን ይቀራታል? ተወው።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጠዋት ማታ ዳዊት እደግማለሁ። አንዲት ሴት ግን ለስድስት ወር የእኔን ቃል ተሸክማ ዞራለች።

ሞርተንሩድ የመስመሩ መጨረሻ ነው፤ ሁሉም ይወርዳል። ድንቅነሽን ወደ ኋላ ትቼ ፈጠን ብዬ የዓለምወርቅን ደረስኩባት።

«የዓለም፣ ቆይ። እኔም አውቅ ነበር።»

ቆመች። «ምኑን?»

«የእናትሽን መታመም። ሐሙስ ነው የሰማሁት። ድንቅነሽ ልንገራት፣ ቲኬቱ ይለወጥ ስትል ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ሐሙስ» አለች ቀስ ብላ። «ሐሙስ እናቴ በሕይወት ነበረች።»

«ነበሩ።»

«ዛሬ አባ ፊት ሽማግሌ ሆነህ ተቀምጠህ ነበር።»

«አዎ።»

ዙሪያችን ሰው ከጣቢያው አጠገብ ካለው የገበያ ማዕከል ከረጢት ይዞ ይወጣል፣ ይገባል። ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር። ዞር ብላ ድንቅነሽን ፈለገቻት፤ እሷ ግን አላየችንም፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ሕንፃቸው መሄድ ጀምራለች።

«ድንቅነሽ ልንገራት ብላ ነበር?» አለች። ከተመለሰች ጀምሮ ስሟን ስትጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

«ብላ ነበር።»

ትጣራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ በልቤም ጸለይኩ። አልተጣራችም።

«ከእንግዲህ ዕቃዬን ራሴ እሸከማለሁ፣ ጋሽ አድነው» አለችኝ። ከዚያም ድንቅነሽ በሄደችበት መንገድ፣ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ፣ ሳትፈጥን ተከተለቻት። ወደ ቤታቸው ሌላ መንገድ የላቸውም።