በርብ ጎርፍ በሶ ስናሻግር

ትእዛዙ ሲደርሰን ነሐሴ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። በንጉሡ ጊዜ ነው፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ። ርብ ገንፍሎ ፎገራን አጥለቅልቆት ነበርና የእኛ ጓድ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርዶ ውሃ ለከበበው ሕዝብ እህል እንዲያደርስ ታዘዘ። ዐሥራ አንድ ነበርን፤ እኔ ዐሥር አለቃ። ልጆቼ የጦር ሜዳ ወሬ አውራን ሲሉኝ ጥይት የተተኮሰበትን ይጠብቃሉ። እኔን ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግንባር አንድም ጥይት ያልተተኮሰበት ነው።

ካሚዮኑን ወረታ ሳይደርስ መረሬው ጭቃ ዋጠው። ጆንያውን ተሸክመን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው ዳር ደረስን። የጫንነው ገብስ ነው። ማዶ ደረቅ ኩበት እንኳ የለም፤ እሳት በሌለበት ጥሬ ገብስ ምን ያደርጋል? የወረታ ሴቶች ቆልተው፣ ፈጭተው በሶ አደረጉልን። ይህን ከእኛ ከታጠቅነው ያሰበው አልነበረም።

የአገሩ ጭቃ ሹም በደንገል ታንኳ መጣ። እግሩ በውሃ ተልጧል፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

«ስንት ሰው ነው የተከበበው?» አልሁት።

«ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ መቶ ሃያ ነፍስ አለ፣ ጌታው።»

በመቶ ሃያ ነፍስ ልክ ሰፍረን ጫንን። የነበረን ታንኳ ሁለት ብቻ ነው።

ሦስት ቀን አመላለስን። በሁለተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ደራሹ ጎርፍ ግንድ አምጥቶ የኋላውን ታንኳ መታው። ተገለበጠ። ላዩ ላይ የነበረው ጓዳችን ወታደር መኳንንት ዋና አያውቅም። «ጆንያውን ያዙት!» ሲል ሰማነው። ጆንያውንም እሱንም አላገኘንም። አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ከዚያ እንደገና ጫንን።

በሦስተኛው ቀን ጉብታው ላይ በሶ ስናድል አንዲት አሮጊት ድርሻቸውን ተቀብለው፣

«ለሸክላ ሠሪዎቹስ አደረስህላቸው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ ጭቃ ሹሙ ዞርሁ። «የምን ሸክላ ሠሪዎች?»

«ታች ወንዙ ዳር፣ አፈሩ ካለበት የሚኖሩት ናቸው» አለ። አላፈረም። «ስንት ሰው ነው አሉኝ፤ ሰው ቆጠርሁ።»

ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው» እየተባለ ይፈራ ነበር። ጎረቤቱ ማሰሮውን ይገዛዋል፣ ማዕዱን ግን አይቀርብም። ጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የራሱን ድርሻ ለሕፃናት ሲያካፍል አይቼዋለሁ። የዋሸኝም ነገር የለም። ጠየቅሁት፣ እንደሚያውቀው መለሰልኝ።

የተረፈውን በሶ ጭነን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። ከውሃው በላይ የሁለት ጎጆ ክዳን ብቻ ይታያል። ዐሥራ ሁለት ሆነው ክዳኑ ላይ ወጥተው ነበር። በሕይወት ያገኘናቸው አምስት ናቸው። ከሞቱት አራቱን ብርዱና ረኃቡ የጨረሳቸው እኛ ማመላለስ ከጀመርን በኋላ ነው። አንዲት ሴት በሶውን በመዳፏ እንደያዘች፣ ሳትቀምሰው፣

«ስታልፉ እናያችሁ ነበር። ጮኸን» አለችኝ።

ጩኸቱን ሰምቼዋለሁ። ቀዛፊው «ከብት የሚጠሩ ናቸው» ሲለኝ እሺ ብዬ አለፍሁ። በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ የምን ከብት ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት የመቶ አለቃችን መጥተው የሞቱትን መዘገቡ። ከእኛ አንድ። ከጉብታው ሦስት። ከወንዙ ዳር ሰባት። ሴትዮዋ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራች፤ ስድስተኛው ላይ ቆመች። ሰባተኛው ልጇ ነው፤ በተወለደ በአምስተኛው ቀን ሞተ፣ ስም አልወጣለትም።

«ስም የሌለውን ምን ብዬ ልጻፈው?» አሉኝ የመቶ አለቃው።

«ሰው ብለው ይጻፉት፣ ጌታዬ።»

ጻፉት። ሦስት ቀን ሙሉ በአጠገባቸው ማለፌን ግን አላስጻፍሁም።