ሁለት ዓይን በአንድ ጉንጭ

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ፣ በልጄ በአስቴር ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ ከማሽኑ የሚወጣውን ትኩስ የወረቀት ሽታ እየማግሁ ስልኬን ስነካካ አንድ ሥዕል ብቅ አለና ክው አልሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ቀይ ደረት፣ የተንዠረገገ ጎፈር። ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ግን በአንድ ጉንጭ ላይ ተደርድረዋል። በዚህ ዓለም እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፉ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው እኔ ነኝ።

ሥዕሉ የወጣው ታሪክ በሥዕል የሚተርኩ ወጣቶች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። አስቴር "ደንበኛዬን ሁሉ ከሚተርቡብኝ ይኸን ይነካኩ" ብላ ካስገባችኝ ዓመት አለፈኝ። ራሴ ላይ አንዲት ጸጉር ሳትኖር ስሜን "ጎፈሬው" ስላልሁ፣ ልጆቹ እኩያቸው መስያቸው "አንተ ጩጬ፣ መስመርህ አሪፍ ነው!" ይሉኛል። ሰው በስድሳ ስምንት ዓመቱ ጩጬ ሲባል እንዲህ ደስ እንደሚለው ማን ያውቅ ነበር? የእጄን መንቀጥቀጥ "ስታይል" ብለው አከበሩልኝ፤ ለሚያሳትሙት የጋራ መጽሐፍም ሁለት ገጽ እንድሥል ጠየቁኝ። እኔ ከርሞ ጥጃ፣ ደረቴን ነፋሁ።

ያንን ጭላዳ የወለድነው እኔና ምናለ ነን። ምናለ የዳባት ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት አባቱ ለአንድ ደብር ሥራ ደባርቅ ሲመጡ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ መጥቶ መስታወት በሌለው መስኮት ሲገባና መምህሩን ሲጋርድልን፣ አንዱን ደብተር ከዴስኩ ሥር አውጥተን፣ አንድ ገጽ እሱ፣ አንድ ገጽ እኔ፣ ግራዝማች ጭላዳ የሚባል ጀግና እንሥል ነበር። ደረቱን የምናቀላው ከመምህሩ ጠረጴዛ በተገኘ ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ "በተገኘ" ስል ሰርቄው ነው።

እኔ ፊት መሣል የምችለው በጎን ብቻ ነበር፤ በአንድ ዓይን። ምናለ የመጀመሪያ ገጼን ሲያይ አማተበ።

"አንተ እብድ! በአንድ ዓይን የሚሣል እኮ ኃጥእ ነው፤ አባባ ሰይጣንን ነው እንዲህ የሚሥሉት! ግራዝማችን ሲኦል ልትከተው ነው?"

ፊት ለፊት መሣል አልችል፣ ጀግናዬን ለሲኦል አልሰጥ፤ ሁለተኛውን ዓይን እዚያው ጉንጩ ላይ ደረብሁለት። ምናለ አየት አድርጎ እንደ ጳጳስ "ጸድቋል" አለ።

የደብሩ ሥዕል አለቀና ቤተሰቡ ወደ ጎንደር ሊነሣ ሆነ። ያኔ ግራዝማችን ጨነቅ ከሚባለው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ አንጠልጥየው፣ ከበላዩ ነብር አቁሜበት ነበር። የማዳኑ ተራ የምናለ ስለሆነ ደብተሩን መናኸሪያ ላመጣለት ቃል ገባሁ። መጣሁም። ግን ደብተሩን ሸሚዜ ውስጥ ወሽቄ፣ ለመስጠት ሰስቼ፣ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ተሸሸግሁ። አንገቱን በአውቶቡሱ መስኮት አውጥቶ ሲፈልገኝ አየሁት፤ መኪናው የዳባትን መንገድ ይዞ እስኪሰወር አንገቱን አልመለሰም። ደብተሩንም በዚያው ክረምት የጣሪያችን ፍሳሽ አበሰበሰው። የሌባ ዕቃ መቼ ይበረክታል!

እናም ባለፈው ሳምንት ያን ሥዕል እንዳየሁ ለባለቤቱ ጻፍሁ፤ ዓይናለም ትባላለች። ይህን ዓይን ማን አስተማረሽ አልኋት።

"አባቴ። ምናለ ነበር ስማቸው፤ ካረፉ ዓመት ሆናቸው። አንተ በምን አወቅኸው ጎፈሬው?"

ማንነቴን ስነግራት "አንተ" ቀርቶ "እርስዎ" ሆንሁ፤ በአንድ መልእክት ሃምሳ ዓመት አረጀሁ። ቀጥላ የላከችው ግን የባሰ ነው።

"አባባ ስለ እርስዎ ሲያወሩ፣ ‹ያን ቀን መናኸሪያ ያልመጣው የእኔን ገጽ ሊሥልልኝ ሲል ዘግይቶ ነው፤ ግራዝማችን አድኖታል› ይሉን ነበር። እንዴት አድርገው አዳኑት?"

ስድብ ብትልክልኝ ይቀለኝ ነበር። አስቴር ማሽኑን አቁማ "ምነው አባዬ፣ አመመዎት?" አለችኝ።

መዋሸት አያቅተኝም፤ ያደግሁበት ሙያ ነው። ግን ለጋራ መጽሐፉ ከተሰጡኝ ሁለት ገጾች በአንደኛው ግራዝማችን እንደተንጠለጠለ ሣልሁት፤ በሁለተኛው አውቶቡስ፣ ከመስኮት የወጣ የልጅ አንገት፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዛፉም ጀርባ ሸሚዙ በደብተር የተወጠረ ልጅ ሣልሁ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን። መጀመሪያ ለእሷ ላክሁት። የሠዓሊ የልጅ ልጅ ናት፤ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሌ ተመልሶ መጣ፤ ዛፉም አውቶቡሱም እንደነበረ ነው፤ የዚያ ልጅ ጉንጭ ላይ ግን ሌላ ዓይን ተደርቦበታል።

ይኸው እስከ ዛሬ ክው እንዳልሁ ነኝ። ግራዝማች አሁንም እዚያው ገደል ላይ አለ፤ ክንዱ መቼም ዝሏል። ላድነው እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይመለሳል፤ ተራው የእኔ አይደለማ። የእሱ አንዲት ገጽ ብቻ ናት የቀረችው፤ ምናለ ቢኖር!