የአማቴ የወተት ቅል

ንፋስ መውጫ ሳድግ ወተት ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትኩስ፣ ስኳር የገባበት፣ ሲያተኩሰኝ የሚሰጠኝ። አንዲት ሴትዮ በውኃ ፕላስቲክ ለእናቴ ታመጣላት ነበር። ጤነኛ ሆኜ ወተት የጠጣሁበትን ቀን አላስታውስም። እንዲያውም ለዚያች ብርጭቆ ስል የታመምኩባቸው ቀናት አሉ።

አስተማሪ ሆኜ መካነ ኢየሱስ ተመደብኩ፣ እዚያው አገባሁ። የመጀመሪያውን ክረምት እስቴ ገጠር የባለቤቴ ወላጆች ቤት ስከርም ግን አንዱ ቃሌ እንደማይበቃኝ ገባኝ። ላሟ በወለደች ሰሞን የሚታለበው እንገር ነው። የረጋው እርጎ፣ ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት አሬራ፣ አይቡ ተለይቶ የሚቀረው ውኃ ደግሞ አጓት። እኔ ሁሉንም ወተት እያልኩ ስጠራ አማቴ በሳቅ ይሞታሉ፤ ለጎረቤትም ያወሩብኛል። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን ሲሳቅብኝ አልወድም፤ ባለሙያ መሆኔን ላሳያቸው ቆረጥኩ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው አማቴ ቅዳሴ ሄዱ። ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የወተት ቅል አውርጄ አሸተትኩት። ጭስ ጭስ፣ የቆየ ቅቤ ቅቤ አለኝ። ቆሽሿል ብዬ ፈረድኩ። የፈላ ውኃ ገልብጬበት በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩትና መልሼ ሰቀልኩት። አማቴ ሲመለሱ ማጠቤን ነገርኳቸው፤ በምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። መርቀውኝ፣ በወይራ አጥነው፣ ለፍስክ ያሰቡትን ወተት ሞሉበት።

ቅል የገባበትን ነገር እንደሚጠጣ፣ በግራዋ ቅጠል ብቻ ታሽቶ እንደሚታጠብ የሰማሁት በማግስቱ ከጎረቤት ሴት ነው። ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። ያ ቅል አማቴ ከእናታቸው ቤት ይዘውት የመጡት መሆኑንም እሷው ነገረችኝ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት የነፍስ አባታቸው መጡና የመጀመሪያው እርጎ ለእሳቸው ተቀዳ። ቀመስ አደረጉና ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። አማቴም ቀመሱ። እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

«አባ፣ ላሚቱ ሣር ለውጣ ነው፤ ይቅር ይበሉን» አሉ አማቴ።

ሁሉም አመነ። እሳቸውም የምራቸውን የተናገሩ መሰለኝ። እርጎው ለውሻው ተሰጠ፤ ውሻውም አሽትቶ ተወው።

በመስከረም ወደ ከተማ ልንመለስ ስንል አማቴ ቅሉን አንጠልጥለው መጡ። እጃቸው ለመናጥ ስለደከመ እኔ እንድይዘው ፈለጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም የማያውቁትን አማቴን እንዳታለልኩ እያሰብኩ መንገዱን ሙሉ ቅሉን ታቅፌ ሄድኩ።

መካነ ኢየሱስ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጎረቤት ግቢ ግራዋ እየቀጠፍኩ አሸዋለሁ፣ በወይራ አጥነዋለሁ፣ ጥቂት ወተት አረጋበታለሁ፣ ቀምሼ እደፋለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ። ባለቤቴ አንድ ቀን ቅሉን ጥለን የፕላስቲክ ዕቃ እንግዛ ቢለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ምን እንዳደረግኩ ለእሱም አልነገርኩትም። ከዓመት በላይ ከቆየሁ በኋላ ነው እርጎው እርጎ እርጎ ያለኝ፤ ግን ምላሴን አላመንኩትም።

ባለፈው ጥር አማቴ ዓይናቸውን ሊታዩ እኛ ዘንድ መጡ። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ደክሟቸው ስለነበር ከዚያው ቅል ቀድቼ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ ቀስ እያሉ እስከ ታች ጠጡት። እኔ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። ቅሉን አምጪው አሉኝ፤ አቀበልኳቸው። አፍንጫቸውን አፉ ላይ ደቅነው ቆዩ።

«ሳሙናው ለቀቀለት» አሉ።

ያን ሁሉ ጊዜ ያውቁ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ፣ ልጄ።»