የታረሰው ዳገት

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በረዶ መጣል ሲጀምር ግን ያ የሐምሌ ቀን አሁንም ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ያኔ መንዝ ውስጥ፣ ቀየት ከሚባለው ቦታ ወጣ ብሎ ባለ መንደር አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ጓሳ የሚባለው ረጅም ሳር የሞላበት ነው። እኛ መንዞች ቤት የምንከድነው በጓሳ ስለሆነ ሳሩ ለዓመታት ይታገዳል፤ ሲፈቀድ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ያጭዳል። ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም። ጠባቂው የባለቤቴ አባት፣ አባባ ሞገስ ነበሩ።

ጎረቤታችን ደምሴ በበልግ በሬዎቹን ጠምዶ ከቤቱ በላይ ያለውን ጓሳ ከነሥሩ ገለበጠው። አባባ ሮጠው ቀንበሩን ያዙ።

"አንተ፣ ሥሩን ነቅለህ አፈሩን ምን ሊይዝልህ ነው? ቤትህ ላይ ነው የምትለቀው!"

"እርስዎ ሳርዎን ይጠብቁ፣ እኔ ልጄን ላብላበት!" ብሎ በዱላ ክንዳቸውን መታቸው። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነበር፤ አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁት።

ይቅርታ እንዲጠይቅ ሽማግሌ ቢላክበት ደምሴ እንቢ አለ። ባለቤቴ ታዬ ምንሽር ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ። የአባቱ ክንድ ተሰብሮ ዝም ያለ ወንድ እኛ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። እኔ ግን ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ባሌ ነፍስ አጥፍቶ ዱር እንዲገባብኝ አልፈለግሁም።

በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንሽሩ ከተሰቀለበት ጠፋ። እየሮጥኩ ዳገቱን ወጣሁ። ታዬ ካልተነካው ጓሳ ውስጥ ተኝቶ፣ ማሳው ላይ ቦይ የሚቆፍረውን ደምሴን አነጣጥሮበታል። ሄጄ አፈሙዙ ላይ ወደቅሁ።

"ልቀቂ አንቺ ሴት!" ብሎ በክርኑ አፍንጫዬን አለኝ። ደሜ ሳሩ ላይ ፈሰሰ፤ አለቀቅሁም። እንደተናነቅን በረዶው ከዶፍ ዝናብ ጋር ወረደ።

እንዲያ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ድንጋይ ቀጠቀጠን። ጓሳውን በሁለት እጃችን ጨምድደን ተኛን። ውሃው በሳሩ መሀል እየተበታተነ አለፈ እንጂ ከሥራችን አንዲት እፍኝ አፈር አልወሰደም። የታረሰው ወገን ግን እንደ ገንፎ ሆኖ ተናደ። ደምሴ ወደ ጎን ዘሎ ተረፈ። ናዳው ድንጋይ እያላጋ ወርዶ ቤቱን ደረመሰው። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ውስጥ ነበሩ።

ደምሴ "የሰው ያለህ!" ብሎ ሲጮህ ታዬ ምንሽሩን ጥሎ ሮጠ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጭቃውን በጥፍራቸው ቆፈሩ። ሚስቱን በሕይወት አወጧት። ሕፃኑ ግን ደረቷ ላይ እንደተለጠፈ ሞቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ደምሴ ከፈረሰው ቤቱ አንድ ድንጋይ አንስቶ፣ አንገቱ ላይ ተሸክሞ አባባ እግር ሥር ለይቅርታ ወደቀ። በልቤ "ይበለው" ማለት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። አባባ በደህና እጃቸው ድንጋዩን ያዙለት።

"አውርደው ልጄ። የተሸከምከው ይበቃሃል" አሉት።

በዚያው ክረምት አባባ በጠማማ ክንዳቸው፣ ደምሴም ከጎናቸው ሆኖ፣ ጓሳ ከነሥሩ እያመጡ በናዳው ላይ ተከሉ። ዛሬ ዳገቱ ለብሷል። ደምሴን እስካሁን አልወደውም፤ የአባባን ክንድ አልረሳለትም። በረዶ ሲጥል ግን ከደጄ ወጥቼ መጀመሪያ የማየው እሱ መልሶ የሠራውን ቤት ነው።